የግራ እጅ ክር

ባናው አራት ክረምት ፈጅቷል። ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ለእሱ ብርድ ልብስ ማለት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱቅ መደርደሪያ የሚወርድ ነገር ነው። መንዝ ውስጥ ግን ባና የሚጀምረው በግ ጀርባ ላይ ነው። ከይዘንጋሽ አሥራ አንድ በጎች ጥቁሮቹ አራት ብቻ ነበሩ፤ ተሸልተው የሚሰጧት ጠጉር አንዲት ስልቻ አይሞላም። ነጩን ቀለም ነክራ ማጥቆር ትችል ነበር። ለገበያ ከሚሠራው ባና ስንቱ እንዲያ ነው። እሷ ግን ያለቻት አንድ ሴት ልጅ ናት፤ ለአንድ ልጅ ደግሞ ቀለሙን የሚለቅ ነገር አይሰጥም አለች፤ አለቀ።

ጎረቤት በደቦ ቢፈትልላት ሥራው በዓመቱ ባለቀ ነበር። አልሆነም። የይዘንጋሽ የሥራ እጇ ግራው ነው። ልጅ ሳለች እናቷ ያንን እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር እያሰሩ ሊያስተዉአት ሞክረው ነበር፤ መቀነቱ ሲፈታ እጁ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ግራ እጅ ያሾረው እንዝርት ወደ ሌላ ይዞራል፤ ክሩም ከሰው ሁሉ ክር በተቃራኒ ይከራል። ሁለቱ ክር አንድ ባና ላይ ከተቀላቀለ ጨርቁ ይጣመማል። ስለዚህ እሷን ማንም ሊያግዛት አይችልም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የራሷ እጅ ብቻ መሆን አለበት።

ሸማኔው ደመላሽ ክሩን ሲቀበላት ሁልጊዜ ይቀልዳል።

«እትዬ ይዘንጋሽ፣ የእርስዎ ክር እኮ እንደ መሪጌታ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲል እሱ ወደ ግራ።»

«ዝም በል፣ እንዳይሰሙህ።»

«ቢሰሙኝስ? ይገዝቱኛል?»

ይሳሳቃሉ። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር።

መሪጌታ የተባሉት ባሏ ቄስ መልከ ጼዴቅ ናቸው። ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ሠላሳ ስድስት ዓመት ቅኔ አስተምረዋል፤ ከእሳቸው ጉባኤ ያልወጣ ባለቅኔ በአካባቢው የለም ይባላል። አዋቂ ናቸው፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። ግን ቁጡ ናቸው። ተማሪ ሲሳሳት ይቆጣሉ፣ ሰንበቴ ላይ ጠላ ሲዘገይ ይቆጣሉ፣ ዝናብ ቀድሞ ሲመጣ ይቆጣሉ። ይህ አገር ደግሞ ቁጣን የእውቀት ማኅተም አድርጎ የማየት አመል አለው፤ የሚጮኸውን ሁሉ ሊቅ ይለዋል። ስለዚህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ «መሪጌታ፣ አሁንስ አበዙት» ብሏቸው አያውቅም። ሰዉ እያከበረ አበላሻቸው።

እንዲያም ሆኖ ወጣት ሳሉ ሌላ ሰው ነበሩ። ይዘንጋሽን ሊያጯት ሲመላለሱ፣ ያንን እናቷ ሊያስተዉት ያልቻሉትን ግራ እጇን ሰም አድርገው ሁለት ቤት ቅኔ ተቀኝተውላት ነበር። ግእዙን አልሰማችውም። ትርጓሜውን ሲነግሯት ግን አፍራ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። በሕይወቷ ያንን እጅ ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

ልጃቸው ገሊላ ተምራ ዓለም ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ እዚያው በዕውቀቱ የሚባል ልጅ ጠየቃት። እናቱ ወይዘሮ አዛለች ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጡ፣ ግቢያቸው በር ላይ ዘበኛ ያቆሙ ሴት ናቸው። በወጉ ድግሱ በሙሽሪት አባት ቤት መሆን ነበረበት። «መንገዱ ለእንግዳ አይመችም» ተባለና ሠርጉ ወደ ዓለም ከተማ፣ ወደ አዳራሽ ተወሰደ። መሪጌታ ይህን ጥርሳቸውን ነክሰው ዋጡት። ዝም ያሉት ለሌላ ነገር ስለተዘጋጁ ነው፤ ስጦታውን ሲያበረክቱ የሚያሰሙት ስምንት ቤት መወድስ ነበራቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከማሳው ዳር እየተመላለሱ ሲያብሰለስሉት ይዘንጋሽ አይታቸዋለች።

ጥር ላይ ተሠረገ። የስጦታው ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ የወይዘሮ አዛለች ፍሪጅ በአራት ሰው ተይዞ ገባ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ወርቁ፣ ከዚያ ምንጣፉ። በመጨረሻ ባናው በሁለት ሰው ትከሻ መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገው መድረክ መሪ በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን መለሰ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ይሄ ደግሞ ከመንዝ የመጣ ነው። ከነበጉ ነው እንዴ ያመጣችሁት?» አዳራሹ ሳቀ። «ጎበዝ፣ ዓለም ከተማ ሙቀት አይደለም እንዴ? ሙሽሮቹ እፍሪጁ ውስጥ የሚያድሩ ካልሆነ በቀር ይሄ ምን ይሠራል?»

አሁንማ ሰው ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ገሊላም ሳቀች። ይዘንጋሽ አይታታለች። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻዋን የምትኮሳተር ሙሽራ የለችም። የይዘንጋሽ የራሷ ከንፈርም ሳታውቀው ፈገግ ብሎ ነበር። የፍሪጁ ነገር ያስቃላ።

መሪጌታ ካባቸውን አስተካክለው ተነሡና ማይኩን ተቀበሉ። መወድሱን ጀመሩ። አንዱን ቤት አሉ፣ ሁለተኛውን አሉ፣ ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው ገና መሞቅ ሲጀምር መድረክ መሪው ጠጋ አለ።

«አባታችን፣ ኬክ ቆረሳው ደርሷል። በአጭሩ ይባርኩን።»

ይህን ብሎ ማይኩን ከእጃቸው ወሰደው። የኦርጋኑ ተጫዋችም ጀመረ። አንድ መወድስ የሚያደምጥ ጆሮ የሌለው ትውልድ ለአንድ ኬክ ሦስት መቶ ሰው ያስቆማል። መሪጌታ አፋቸው እንደተከፈተ፣ አራተኛው ቤት ምላሳቸው ላይ እንደቀረ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሙ። ይዘንጋሽ ባሏ በሕይወታቸው ቃል አጥተው ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲመጡ መሪጌታ ጉልበታቸውን በካባቸው ሸፈኑ።

«የእናትሽን ባና ልበሺና ሳሚኝ።»

«አባዬ፣ አሁን? ቬሎው ላይ?»

«አሁን።»

«ሰው እያየን ነው እኮ። በመልሱ ቀን እለብሰዋለሁ፣ እባክዎ አባዬ።»

በዕውቀቱ ሊያግዝ ፈልጎ «አባታችን፣ ሙቀቱ ነው እንጂ…» አለ። ያቺን ቃል ባልጠራት።

መሪጌታ ብድግ አሉ። ማይክ አላስፈለጋቸውም፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማረ ጉሮሮ ነው። «የእናትሽን ድካም ሳቅሽበት፤» አሉ። «ይህን ባና ለብሰሽ፣ ደጄ ድረስ መጥተሽ ጉልበቴን እስክትስሚ ድረስ፣ ከቤቴ አንድ ሰው ደጃፍሽን እንዳይረግጥ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ።»

ኦርጋኑ ቆመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ስለ ሚስታቸው ክብር ነው ተባለ። እሳቸውም እንዲያ አሉ፤ ያመኑትም ይመስላል። ይዘንጋሽ ግን ታውቃለች። ባናው አልነበረም፣ ቅኔው ነበር። ስለ ሚስቱ ክብር የተቆጣ ባል በግዝቱ አስቀድሞ ሚስቱን ያስራል? በዚያ አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ገሊላ ደጅ ለመሄድ ቀን ትቆጥር የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ግዝቱ ያረፈው በእሷ እግር ላይ ነው። ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።

መልስም ሳይጠራ ቀረ። ዓመት አለፈ። ሽማግሌ ተላከ፤ መሪጌታ «ባናውን ለብሳ ትምጣ» ብለው መለሱት። እናትና ልጅ በስልክ ይነጋገራሉ፤ ግዝቱ ስልክን አልጠራም።

«መቼ ነው የምትመጪ?»

«እመጣለሁ እማዬ። ሥራው በዛብኝ፣ መንገዱም አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል።»

«ባናው ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው።»

ይዘንጋሽ ይህን በሰማች ቁጥር «ብል እንዳይበላው እያናፈስሽ» ትላለች፤ ገሊላም «እሺ» ትላለች።

ኅዳር ላይ ገሊላ ማርገዟን ተናገረች። ከዚያ ወዲያ የይዘንጋሽ ልብ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ጀመር። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ አጠገቧ ካልሆነች ማን ይሆናል? ገንፎዋን ማን ያገነፋላታል? ወገቧን ማን ያሻታል? አማት ያውም የነጋዴ አማት? ይዘንጋሽ ገብሱን ቆልታ አስፈጨች፣ ቅቤውን አንጥራ በቅል አኖረች፣ ሁሉንም አዘጋጅታ እግሯን ብቻ አጣች። ገሊላም ያንኑ ሳታስበው አልቀረችም። ፋሲካ እንዳለፈ «የአባዬን ጉልበት ልስም እመጣለሁ» ብላ ላከች።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት መጣች። ስድስት ወር ያለፈው ሆዷን ይዛ፣ ከመኪና መውረጃው ጀምሮ ጥቁር ባና ደርባ፣ ዳገቱን ላቧን እያፈሰሰች ወጣች። የመንደሩ ሴት እልል አለ። ይዘንጋሽ ከደጁ ወርዳ አቀፈቻት፤ ግራ እጇም በልጇ ትከሻ ላይ አረፈ።

ጣቶቿ ወዲያው አወቁ።

ክሩ ወደ ቀኝ የከረረ ነው። ክሩን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አደረገችው፤ ልጆቿን በዳሰሳ እንደምትለይ ዓይነ ስውር ደግማ ዳሰሰችው። ያው ነው። የልጇን አንገት አየች፤ ነጠላዋ ላብ በነካው በኩል ጥቁር ቀለም ጠጥቷል። የገበያ ባና ነው።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነው።»

ገሊላ ፊቷን አየችና ፈገግ አለች። አታለልኳት ብላ አምናለች። የምታሳዝነውም ለዚህ ነው፤ አራት ክረምት ሙሉ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እናቷ ስትፈትል ያየች ልጅ፣ የእናቷን ክር ከማንም ክር መለየት እንደሚቻል አታውቅም።

መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ ካባቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገሊላ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ተንበረከከች፤ አንዱን ጉልበት ሳመች፣ ሌላውን ሳመች። እሳቸውም ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እንባው የውነት ነበር፤ ሰው ሲያሸንፍም ያለቅሳል። ከዚያ የባናውን ጫፍ አንሥተው ለሽማግሌዎቹ አሳዩ።

«አያችሁ? ይህ ነው እጅ ማለት! ይህ ነው የይዘንጋሽ እጅ። ዓለምን ብትዞሩ እንዲህ ያለ ክር አታገኙም።»

ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ቆሞ የነበረው ሸማኔው ደመላሽ ቀና ብሎ ባናውን አየ። ከዚያ ይዘንጋሽን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ፤ እስከ መጨረሻው አላቀናም።

መሪጌታ ተነሡና አዳራሽ ውስጥ የተቆረጠውን መወድስ ከመጀመሪያው ጀመሩት። ስምንቱንም ቤት አሉት። ሰዉ ቆሞ አደመጠ፤ ካህናቱ «ይበል» አሉ፤ የሚያቋርጥ አልነበረም። ሲጨርሱ ፊታቸው በራና «ፈትቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ይዘንጋሽ ግን አሜን ሳትል ቀረች። አፏ እምቢ አላት።

በማግስቱ ገሊላን መኪና አሳፈሯትና ይዘንጋሽ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ አባ አትናቴዎስ ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ግዝቱ የጠራው ያንን ባና ነው፤» አሉ። «መሪጌታ የፈቱት ያ መስሏቸው ነው። ያሰሩትን እሳቸው መፍታት ይችላሉ፤ ግን አውቀው ይፍቱ።»

«ከነገርኳቸው ልጄን ዳግመኛ ያወግዟታል።»

አባ ዋሽተው ሊያጽናኗት አልፈለጉም። «ያወግዛሉ፤» አሉ።

«እና ሳልነግራቸው ብሄድስ?»

«አንቺ እያወቅሽ ደጃፏን ከረገጥሽ፣ ረገጥሽ ነው ልጄ።»

ይዘንጋሽ ለራሷ ብትፈራ ሄዳ ነበር። የፈራችው ለዚያ ላልተወለደው ነው። ግዝት የጣሰች አያት እጅ ተቀብሎት ከታመመስ? ከሞተስ? ለገሊላ ልትነግራት ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሣች፤ ሁለቴም መለሰችው። ለነፍሰ ጡር «ከግዝት አልወጣሽም» ይባላል?

አንድ ቀን ማታ እራት በልተው መሪጌታ ዳዊታቸውን ሲያነሡ ቀስ ብላ ልትነካካው ሞከረች።

«መሪጌታ፣ የኔ ክር ወደየት እንደሚከር ያውቃሉ?»

«ክር ምን ወደየት አለው? ክር ነው።»

«የኔ ከሰው የሚለይበት የለም?»

«ምን ያለ ጥያቄ ነው ይሄ? ላንብብበት፣ ዘወር በዪ ከብርሃኑ።»

ዘወር አለችላቸው። ያ ለግራ እጇ የተቀኘው ወጣት ከዚህ ሽማግሌ ውስጥ የት እንደገባ ፊታቸውን ስታይ ቆየች። ሲቀኙም ያዩት እጇን አልነበረም ማለት ነው፤ ቅኔውን ነበር።

ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለ፤ ገሊላ ሴት ልጅ ተገላገለች። መሪጌታ እንደ ልጅ ተቻኮሉ። ሁለት መኪና ቀይረው፣ ገደል ወርደው ገደል ወጥተው፣ በሁለተኛው ቀን ዓለም ከተማ ገቡ። ይዘንጋሽ የገብሱን ዱቄት በጀርባዋ፣ የቅቤውን ቅል በእቅፏ ይዛለች። ለምን እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም። እግሯ ሄደ፣ ተከተለችው።

ገሊላ ከምትኖርበት ከወይዘሮ አዛለች ግቢ የብረት በር ሲደርሱ መሪጌታ «በስመ አብ» ብለው ተሻገሩ። ይዘንጋሽ ቆመች። ወይዘሮ አዛለች እየሳቁ ወጡ።

«እትዬ ይዘንጋሽ፣ ምነው እደጅ? ይግቡ እንጂ፣ ልጅቷ እርስዎን ነው የምትመስለው።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ምን ማለት ነው እዚሁ?»

«ይሄን ውሰዱላት። ገንፎውን ወፈር አድርጉት፣ ቅቤውን አትሰስቱባት።»

ወይዘሮ አዛለች ዱቄቱንና ቅሉን ተቀብለው ገቡ። «የመንዝ ኩራት» ሲሉ ይዘንጋሽ ሰማቻቸው። በዕውቀቱ ወጥቶ ለመነ፤ እጇን ይዞ ሊያስገባት ሲል እጇን ነጠቀችው። መሪጌታ ከውስጥ ሆነው «እግሯን አሟት ይሆናል፣ ተዉአት» አሉ፤ ሕፃኗን ታቅፈው ነበርና ለመቆጣት አልተመቻቸውም። በመጨረሻ መስኮቱ ገርበብ አለ። አራስ ናት፤ አትወጣም።

«እማዬ።»

«ወዬ የኔ እናት። እንዴት ነሽ? ደምሽ ቆመ?»

«ምነው? ምን አደረግኩሽ? አሁንም ለባናው ነው?»

ይዘንጋሽ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። አራስ ግን አያስደነግጡም፤ ወተቷ ይደርቃል።

«ከስድስት ወር ሆዴ ጋር ዳገት ወጣሁ። ተንበረከክሁ። ጉልበት ሳምሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ባደባባይ ልገረፍልሽ?» ድምፁ ቀጠነ። «አባዬ ይቅር አሉኝ እኮ። እሳቸው! አንቺ እናቴ ነሽ።»

ከውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች። ይዘንጋሽ የልቅሶውን መጠን በጆሮዋ ለካችው፤ ጠንካራ ነው፣ ሳንባዋ ጤነኛ ነው። መስኮቱ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ሙቀት ነው የተባለው አገር የሐምሌ ዝናብ ሲይዘው እንደማንኛውም አገር ያንዘፈዝፋል። ይዘንጋሽ በሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋ ረሰረሰ። የግቢው ዘበኛ ይሥሐቅ የሚባሉ፣ ወገባቸው የጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። ከበሩ ውጭ ካለው የቆርቆሮ ጎጆአቸው ሆነው ሲያይዋት ቆዩና አንድ ከባድ ነገር ይዘው ወጡ።

«እትዬ፣ ይሄን ይደርቡ። እኔ እሳት አለኝ።»

ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ክብደቱን አወቀችው። ዳሰሰችው፤ ወደ ግራ የከረረ ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል፣ አንድ ጎኑ እሳት በልቶት እራፊ ተጥፎበታል። ቀለሙ ግን የበጉ የራሱ ጥቁር እንደሆነ አለ፤ ሁለት ክረምት ዘንቦበት አልለቀቀም።

«ከየት አገኙት?»

«የሠርጉ ሰሞን ነው። ወይዘሮ አዛለች ዕቃ ሲያራግፉ ‘ይሄ ቤት ያጣብባል’ ብለው ሰጡኝ።» ዘበኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእውነቱን ልንገርዎት? ሙሽሪት ኋላ ስትፈልገው ነበር። ሠራተኛዋን ጠየቀች፣ አማቷን ጠየቀች፤ ሴትዮዋ ‘እኔ ምን አውቄ’ አሏት። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። እኔም ብርዴን ፈርቼ ዝም አልሁ። ቁርጥማት አለብኝ፤ ያለዚህ ያለፈውን ክረምት አልወጣውም ነበር። ኃጢአት ነው መሰል።»

«ኃጢአት አይደለም፤» አለች ይዘንጋሽ።

«የፈተለችውን ሴት አላውቃት። ማታ ማታ ስደርበው ግን እመርቃታለሁ። እጇ ይባረክ።»

«አሜን፤» አለች።

ባናው ተገኘ፤ ምንም ግን አልተፈታም። ይህን እያወቀች ነው የደረበችው። ገሊላ ይህን ለብሳ ዘመሮ ድረስ ትሂድ እንዳትል፣ ለምን እንደምትሄድ መናገር አለባት፤ ያን ከተናገረች የፊተኛው መፈታት ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ከሆነ መሪጌታ በሽማግሌ ፊት፣ በስምንት ቤት መወድስ የተታለሉ ሰው ይሆናሉ። ያንን ይቅር የሚሉ ሰው አይደሉም። ደግሞም ይኼ ሽማግሌ በምን ይክረም?

በሩ ተከፈተና መሪጌታ ወጡ። ፊታቸው ፈክቷል፤ በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ሕፃኗን መርቀዋል። ይዘንጋሽን ድንጋዩ ላይ ሲያይዋት ግን ቅንድባቸው ተገጣጠመ።

«ምንድን ነው የደረብሽው? የዘበኛ ቡትቶ?»

«በርዶኝ ነው።»

«የአራስ እናት ሆነሽ እንዲህ ያለ እራፊ ደርበሽ ከሰው ደጅ? የኔ ሚስት! ለልጅሽ ያን የመሰለ ባና የሠራሽ ሴት! አውልቂ፣ ሰው ሳያይሽ አውልቂ።»

ይሥሐቅ ደንግጠው ወደ ጎጆአቸው ሸሹ። ይዘንጋሽ ተነሣችና ባናውን ከትከሻዋ አወረደችው። ዘርግታ አራግፋ፣ የተጣፈውን ጎን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ለሙሽሪት ያጠፈችው ዕለት እንዳደረገችው በአራት አጠፈችው። ጎጆው ድረስ ወስዳ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው።

ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ ዝናቡ ቀነሰ። መሪጌታ ከፊት ከፊት እየሄዱ ለሕፃኗ አዲስ ቅኔ ያንጎራጉሩ ነበር። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው፤ ያን ቀንም ይዘንጋሽ ከበሩ ውጭ እንደምትቆም፣ ገሊላም ያን ቀን በመስኮት እንኳ እንደማታናግራት ታውቃለች። መሪጌታ ድንገት ዞር አሉ።

«ለልጅቷም አንድ ባና ጀምሪላት። አሁን ከጀመርሽ ሳታድግ ይደርሳል። ስንት ነበር የፈጀብሽ? ሁለት ዓመት?»

ይዘንጋሽ ግራ እጇን እርጥብ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፣ ከወገቧ ጋር አጥብቃ ያዘችው፣ ተከትላቸውም ሄደች።